የሳምንት ክኒን፣ የዓመት ጉሉኮስ ወይስ ከውጭ የሚላክ መርፌ? ለአጥንት መሳሳት የቱ ይሻላል

ጥያቄው፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ነው የምትኖረው። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ባለፈው ዓመት ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ዘንድሮ ደግሞ ጀሪካን ስታነሳ ወገቧ ቀጭ ሲል ተሰማት። ራጅ ስትነሳ አንዱ የጀርባ አጥንቷ ተጨፍልቋል ተባለ። አዲስ አበባ ተወስዳ የአጥንት ጥግግት በሚለካው ዴክሳ ስትታይ ውጤቱ −3.1 ሆነ። ሐኪሙ አለንድሮኔት 70 ሚሊግራም በሳምንት አንዴ አዘዘላት። ግን ጨጓራ አለባት፤ ኦሜፕራዞል መዋጥ ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ጎረቤት ደግሞ መድኃኒቱ መንጋጋ ያበሰብሳል ብላ አስፈራራቻት። አሁን የምትወስደው ካልሲየም ብቻ ነው። እዚህ ያለች ነርስ ጓደኛዬ በስድስት ወር አንዴ የሚወጋው ዴኖሱማብ ይሻላል፣ ገዝተሽ ላኪላት አለችኝ። የቱን ላድርግ? ለስንት ጊዜስ ነው የምትወስደው?»

መልስ፦ መርፌውን አትላኪ። ምክንያቱን ከታች አብራራለሁ። መጀመሪያ ግን ሁለት ሦስት ነገር መጥራት አለበት፤ ያለዚያ መድኃኒት መምረጥ አይቻልም።

ካልሲየም ብቻውን የአጥንት መሳሳትን አያክምም። አጥንት ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። ሴት እስክታርጥ ድረስ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አፍራሾቹን ሴሎች ይቆጣጠራቸዋል። ካረጠች በኋላ ቁጥጥሩ ይላላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መፍረሱ መሠራቱን በብዙ ይበልጠዋል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የግንባታ ዕቃ ናቸው። አሸዋና ሲሚንቶ ደጅ ላይ ቢከመር፣ ግድግዳውን የሚንደው ሰው እስካልቆመ ድረስ ቤቱ አይድንም። እናትሽ ካልሲየሙን ይቀጥሉ። ግን «መድኃኒት ላይ ናቸው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ እስካሁን አልጀመሩም።

ሁለተኛው የዴክሳው ቁጥር ነው። ውጤቱ −2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል፤ −3.1 ደግሞ ከዚያም የወረደ ነው። እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስብራቱ ነው። ቆሞ ከነበረበት በመውደቅ ብቻ አንጓ መሰበር፣ ጀሪካን በማንሳት የጀርባ አጥንት መጨፍለቅ የጤነኛ አጥንት ጠባይ አይደለም። ዴክሳ ባይነሱ ኖሮ እንኳ እንዲህ ያለው ስብራት፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለው ከተረጋገጠ፣ መድኃኒት ለመጀመር ይበቃ ነበር። ዴክሳ በሌለበት ከተማ እናታችሁ እየጎበጡና ቁመታቸው እያጠረ የመጣባችሁ ሰዎችም ይህን ልብ በሉልኝ፤ ተራ ራጅ ብዙ ይናገራል።

የጀርባ አጥንታቸው ከተሰበረ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ሌላ የጀርባ አጥንት ይሰበርባቸዋል። ስለዚህ «እስቲ እናስብበት» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሕክምናው በሳምንታት ውስጥ መጀመር አለበት።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚታለፈውን ልንገርሽ። በአገራችን የአንዲት እናት የጀርባ አጥንት ተጨፈለቀ ሲባል ሁሉም የአጥንት መሳሳት አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ አለ። ብሩሴሎሲስ አለ፤ በተለይ ያልፈላ ወተት ለሚጠጡና ከከብት ጋር ለሚውሉ። ከጡት ወይም ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰር አለ። መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰርም አለ። የዴክሳው ውጤት ዝቅ ማለቱ እነዚህን አያስቀርም፤ አንዲት ሴት ሁለቱም ሊኖሩባት ይችላሉ።

እናትሽን በስልክ ጠይቂያቸው። ሌሊት ያልባቸዋል? ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል? ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል? ሕመሙ ተኝተውም አይተዋቸውም? ከእነዚህ አንዱ ካለ ራጁ እንደገና በራዲዮሎጂ ሐኪም ይታይ። በመሳሳት የሚሰበር አጥንት ራሱ ይጨፈለቃል እንጂ በሁለት አጥንቶች መሐል ያለውን ዲስክ አይበላውም። ቲቢ ግን ብዙውን ጊዜ ዲስኩን አጥብቦ ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት አጥንቶች አብሮ ይበላል። ጥርጣሬ ካለ ኤምአርአይ መነሳት የግድ ነው። ቲቢ ያለባቸውን እናት በአጥንት መድኃኒት እያከምን ከቆየን እግራቸው ሽባ ሊሆን ይችላል። እግራቸው መክዳት ወይም መደንዘዝ ከጀመረ፣ ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ምልክት ባይኖርም ከመድኃኒቱ በፊት ጥቂት የደም ምርመራ ያስፈልጋል፦ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ኢኤስአር (ሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁም)፣ ካልሲየም፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ ከተገኘም ቫይታሚን ዲ። ደም ማነስ ከታየ ወይም ኢኤስአር በጣም ከፍ ካለ ማይሎማን የሚፈልገው የፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ይጨመር። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ደግሞ በአንድ ፌስታል ከተው ሐኪሙ ፊት ይዘርግፏቸው። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን፣ መጠኑ የበዛ የታይሮይድ ክኒን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ውስጥ ቴኖፎቪር አጥንት ያሳሳሉ። ስሙ ሳይጻፍበት በወረቀት ተጠቅልሎ የተሰጣቸው «የሪህ ክኒን» ካለ እሱን በተለይ ያሳዩ።

ስለ ክሬአቲኒን አንድ ነገር ልጨምር። የእናትሽን ክብደት አልነገርሽኝም። 48 ኪሎ ናቸው እንበል፤ ክሬአቲኒናቸውም 1.1 መጣ። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ «ኖርማል» ይላል። ከዕድሜያቸውና ከክብደታቸው ጋር ሲሰላ ግን የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ 35 ሚሊሊትር ገደማ ይሆናል። 35 ማለት ደግሞ ለአለንድሮኔትም፣ በዓመት አንዴ በደም ሥር ለሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድም የመጨረሻው ድንበር ነው፤ ከዚያ በታች አይሰጡም። ቀጫጭን እናቶች ላይ ይህ ስሌት ሳይሠራ መድኃኒት እንዳይጀመር። ሐኪሙን «ሂሳቡ ተሠርቷል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ መድኃኒቶቹ እንምጣ። የታዘዘላቸው አለንድሮኔት ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ቢስፎስፎኔት ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ አጥንት ላይ ተለጥፎ አፍራሾቹን ሴሎች ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ትልቅ ጥናት እንደ እናትሽ የጀርባ አጥንታቸው የተሰበረ ሴቶችን ሦስት ዓመት ተከታትሏል። አዲስ የጀርባ ስብራት መድኃኒቱን ካልወሰዱት 15 በመቶው ላይ፣ ከወሰዱት ግን 8 በመቶው ላይ ታየ። የዳሌ ስብራትም በግማሽ ቀነሰ። ርካሽ ነው፣ ብዙ ዓመት የተሞከረ ነው።

«ጨጓራ አለብኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ይህን ክኒን አይከለክልም። የሚከለክለው የምግብ ቧንቧ ችግር ነው፦ ምግብ ሲውጡ የሚቀረቀርባቸው ከሆነ፣ ቧንቧው ጠብቦ ወይም ቆስሎ ከነበረ፣ ወይም ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው መቀመጥ ካልቻሉ። ደም ካስታወኩ ወይም ዓይነ ምድራቸው ከጠቆረ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ከምግብ በኋላ ማቃጠልና መነፋት ብቻ ከሆነ በጥንቃቄ መሞከር ይቻላል።

ጥንቃቄው ግን እንዲሁ በአፍ የሚባል አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። በቡና አይሆንም፤ ቡና ወደ ደም የሚገባውን መጠን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። በአምቦ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድኑ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መብላት የለም፣ መተኛት የለም፣ ማጎንበስ የለም። ስግደትም ይቆይ። ካልሲየሙ ለምሳ ወይም ለእራት ይዛወር።

ኦርቶዶክስ ሆነው የሚጾሙ ከሆነ ቅዳሜን እመርጥላቸዋለሁ። ከቀዳም ሥዑር በቀር በጾም ወቅትም ቅዳሜ ጠዋት ውሃና እህል አይከለከልም፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ የሚቆርቡ ከሆነ ለዚያ ሳምንት ክኒኑን ወደ ማግስቱ ማሳለፍ ይችላሉ። ረመዳን የሚጾሙ እናቶች ሱሁር ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው በውሃ ይዋጡት፤ ሳይበሉ ተመልሰው እንዳይጋደሙ።

ኦሜፕራዞሉንም በዚሁ አስመርምሪው። ለዓመታት ያለ ምክንያት መዋጥ ራሱ ከአጥንት ስብራት ጋር ይያያዛል፤ ካልሲየም ካርቦኔትንም በደንብ እንዳይሰርግ ያደርጋል። ሐኪሙ አያስፈልግም ካለ ቀስ በቀስ ይተውት። የግድ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ካርቦኔቱን ከምግብ ጋር ይውሰዱት። በዚህ ዕድሜ በቀን ከምግብና ከክኒን ተደምሮ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየምና ከ800 እስከ 1,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይፈለጋል። ሁሉም ከክኒን ይምጣ ማለት አይደለም። ወተት በማይጠጣበት የጾም ወቅት ግን ጎመኑና ሰሊጡ ብቻውን እዚያ አያደርስም።

የጎረቤት ወሬ ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ። የመንጋጋ አጥንት መሞት እውነተኛ ችግር ነው። ብዙ የታየው ግን ካንሰር አጥንታቸው ላይ ተሰራጭቶ ተመሳሳይ መድኃኒት በየወሩ በደም ሥር በሚሰጣቸው ሕሙማን ላይ ነው። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን የሚደርሰው በዓመት ከ10,000 እስከ 100,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንድ ገደማ ላይ ነው። ይህንን በዓመቱ ውስጥ ሌላ የጀርባ አጥንት ከሚሰበርባት ከአምስት አንዷ ጋር አስተያዪው። የሚነቀል ወይም መግል የያዘ ጥርስ ካለ ቀድሞ ይታከም፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ በሚነቀልበት ጊዜ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። ጤነኛ ጥርስ ይዞ በፍርሃት መድኃኒት መተው ግን ትልቅ ስህተት ነው።

የክኒኑ ዋና ድካም ሌላ ነው። ብዙ ሰው ያቋርጠዋል። በየትኛውም አገር ግማሽ ያህሉ ታካሚ በመጀመሪያው ዓመት ይተወዋል፤ ምክንያቱም መሳሳቱ አያምም፣ ክኒኑም ሲዋጥ የሚሰማ ለውጥ የለውም። በየሳምንቱ የሚያስታውስ ሰው አጠገባቸው ከሌለ ይህ ቁምነገር ነው።

ለዚህ ነው ዞሌድሮኒክ አሲድን የማነሳው። የአለንድሮኔት ቤተሰብ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ 5 ሚሊግራም፣ በደም ሥር በጉሉኮስ መልክ፣ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይሰጣል። በጨጓራም በምግብ ቧንቧም አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ የጀርባ ስብራት ከ10.9 በመቶ ወደ 3.3፣ የዳሌ ስብራት ደግሞ ከ2.5 ወደ 1.4 በመቶ አውርዷል። ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ለሁለት ሦስት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ይይዘዋል። እናትሽ ይህን አስቀድመው ካላወቁ «መረዙኝ» ብለው ሁለተኛ አይመለሱም፤ ስለዚህ ንገሪያቸው፣ ፓራሲታሞልም ይዘጋጅላቸው። በሁለተኛው ዓመት ብዙም አይደገምም።

ሁለት ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ቫይታሚን ዲ በጣም አንሷቸው ከሆነ መጀመሪያ ይሞላ፤ ቤት የሚውሉና ተሸፋፍነው የሚወጡ እናቶች ብዙ ጊዜ ያንሳቸዋል፣ ሳይሞላ ከተሰጠ የደማቸው ካልሲየም ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያው መድኃኒት ለካንሰር ሕሙማን በ4 ሚሊግራም ጠርሙስ በየጥቂት ሳምንቱ ይሰጣል። መጠኑም የጊዜ ልዩነቱም እንዳይምታታ የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «5 ሚሊግራም፣ በዓመት አንዴ» ተብሎ ይጻፍ።

አሁን ዴኖሱማብ፣ ማለትም ፕሮሊያ። ጓደኛሽ መድኃኒቱ ጥሩ ነው ያለችው አልተሳሳተችም። የጀርባ ስብራትን ወደ 68 በመቶ፣ የዳሌን ወደ 40 በመቶ ይቀንሳል። ችግሩ ሲቆም የሚመጣው ነው። ቢስፎስፎኔት አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ አንድ ክኒን ቢረሳ፣ የዓመቱ ጉሉኮስ ሁለት ወር ቢዘገይ ጥፋት አይመጣም። ዴኖሱማብ ግን አይጠራቀምም። ስድስት ወሩ ካለፈ በኋላ ታግተው የነበሩት አፍራሽ ሴሎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ከመጨረሻው መርፌ ሰባት ወር ጀምሮ የጀርባ አጥንቶች ተከታትለው ሲሰበሩ ታይቷል፤ አንድ ሳይሆን ሁለት ሦስት፣ ከዚያም በላይ። ቀድሞ የጀርባ ስብራት የነበረባቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። እናትሽ ከእነዚህ ናቸው።

እና መርፌውን ማን ያደርሳል? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ከማቀዝቀዣ ከወጣ ከ25 ዲግሪ ሳያልፍ ለ14 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። በሻንጣ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ደሴ እስኪደርስ መብራት ይጠፋል። የመጀመሪያው ይሳካ ይሆናል። ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ ስምንተኛውስ? ሰው ሥራ ይለቃል፣ ይታመማል። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ መንገድ ተዘግቶ እንደነበር አንቺም አትረሺውም። በየስድስት ወሩ ቀኑን ጠብቆ መድረሱ እርግጠኛ ባልሆነ መድኃኒት ላይ የእናትሽን ጀርባ አላስይዝም።

ዴኖሱማብ ቦታ አለው፤ በተለይ ኩላሊታቸው ለቢስፎስፎኔት ለማይፈቅድላቸው። እዚያም ጥንቃቄ አለው። ኩላሊታቸው በጣም የደከመ ሰዎች ላይ የደም ካልሲየምን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አክሎበታል። እናትሽ ከ35 በታች ከሆኑ ጉዳዩ የኩላሊት ሐኪምም የሚገባበት ይሁን። እናታቸውን ቀድመው ያስጀመሩ አንባቢዎች ደግሞ ዛሬ ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ። ማቆም ካለባችሁ፣ የሚቀጥለው መርፌ በሚደርስበት ጊዜ በቦታው ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም አለንድሮኔት በሐኪም መተካት አለበት።

አጥንት የሚገነቡ መድኃኒቶችም አሉ። ቴሪፓራታይድ በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት። ሮሞሶዙማብ በወር አንዴ ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ላጋጠማቸው ግን አይሰጥም። ሳልደብቅሽ ልንገርሽ፦ የጀርባ ስብራት ላለባቸው እነዚህ ከክኒኑ ይበልጣሉ። እናትሽ ቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ኖሯቸው ቢኖሩ ከእነዚህ አንዱን አስቀድም ይሆናል። ግን ዋጋቸው ከባድ ነው፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፣ ሲያልቁም በቢስፎስፎኔት ካልታሰሩ የተገነባው ይጠፋል። ገንዘብሽን ጨርሰሽ ግማሽ መንገድ ላይ ከምትቆሚ የሚዘለቀውን ያዢ። ራሎክሲፌን የሚባለው ሌላ ክኒን ዳሌን ከስብራት አይከላከልም፣ ደምም ያረጋል። የሆርሞን ሕክምና በ71 ዓመት ለአጥንት ተብሎ አይጀመርም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የደም ምርመራውና ራጁን ማስደገም። ቲቢና ካንሰር ከተገለሉ፣ ኩላሊታቸው ከ35 በላይ ከሆነ፣ ቫይታሚን ዲውም ከተስተካከለ ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊግራም በዓመት አንዴ። ዴኖሱማብ ልትገዢበት ያሰብሽው ገንዘብ ለዚህ ይዋል። እሱ እስኪገኝ ግን ባዶ እጃቸውን አይጠብቁ፤ የምግብ ቧንቧ ችግር ከሌላቸው የታዘዘውን አለንድሮኔት ይጀምሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር የሚጠበቅ የእረፍት ጊዜ የለም። ጉሉኮሱ ጭራሽ ካልተገኘ አለንድሮኔቱ ራሱ በቂ ሕክምና ነው፤ አጠገባቸው ያለ አንድ ሰው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኃላፊነት ይውሰድ።

እስከዚያው ወጌሻ ጀርባቸውን እንዳያሸው፣ እንዳይስበውም። ጀሪካን ማንሳት ይቅር፤ ስግደቱም ወገብ ሳይታጠፍ ራስን ዝቅ በማድረግ ይሁን። ተኝተው ግን እንዳይከርሙ፤ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ይራመዱ። ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው። ዓይናቸው ሞራ ካለበት ይታከም።

ለስንት ጊዜ ላልሽው፦ ዞሌድሮኒክ አሲድ ከሦስት ዓመት፣ አለንድሮኔት ከአምስት ዓመት በኋላ ይገመገማል። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት ማረፍ ይችላል። እናትሽ የጀርባ ስብራት ስላላቸው ምናልባት እስከ ስድስት ዓመት ጉሉኮስ ወይም እስከ አሥር ዓመት ክኒን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ዴክሳ በየዓመቱ አያስፈልግም፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ይደገም። ቁጥሩ ብዙም ባይጨምር መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ አለመውረዱም ውጤት ነው። የሚፈለገው አዲስ ስብራት አለመኖሩ ነው። ዕድሜ ልክ የማይወሰድበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ፣ የታፋ አጥንት ሳይወድቁ መሐሉ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ታፋ ወይም ብሽሽት ላይ ደብዘዝ ያለ ሕመም ይሰማል። እናትሽ እንዲህ ያለ ሕመም ከነገሩሽ «የብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። መድኃኒቱ ይቁም፣ ሁለቱም ታፋዎች ራጅ ይነሱ።